የአድኖቫይረስን ዘር በላፕቶፕ ስቆጥር

አንድ ጂን (የዲኤንኤ አንድ ክፍል) ብቻ ይዞ የአድኖቫይረስን ዘር፣ ማለትም ቫይረሱ ከየት እንደመጣ፣ መቁጠር አይቻልም። ይህን በዓይኔ ያየሁት ደብረ ብርሃን፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በተራ ላፕቶፕ ነው። ላብራቶሪ አላስፈለገኝም። የቫይረሶቹ ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም የዲኤንኤ ፊደላቸው በሙሉ፣ ጄንባንክ በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ በነጻ ይገኛል። አንዱ ጂኖም 35,000 ፊደል ገደማ ስለሆነ ኔትወርክ በደከመበት ቀንም ይወርዳል።

አድኖቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ዛሬ ሰውን የሚይዙ ከ100 በላይ ዓይነቶች ይታወቃሉ። ከኤ እስከ ጂ በሰባት ዝርያ ተከፍለዋል። ጉንፋን፣ ተቅማጥ፣ የዓይን መቅላት ያመጣሉ።

እኔ ዝርያ ዲ ላይ ብቻ ሠራሁ። ብዙ ዓይነት የያዘው እሱ ነው፤ ደግሞም ሰባቱን ዝርያ ባንድ ላይ ከደረደራችሁ በጣም ስለሚራራቁ ፊደሎቹ በትክክል አይገጥሙም። ከየጂኖሙ ሦስት ጂን ለየብቻ አወጣሁ፦ ሄክሰን፣ ፔንተን እና ፋይበር። ሦስቱም የቫይረሱን ቅርፊት የሚሠሩ ናቸው። ማፍት በሚባል ፕሮግራም የየቫይረሱን ፊደሎች ትይዩ አድርጌ ደረደርኳቸው፣ ሜጋ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ጂን የዘር ዛፍ (ማን ለማን እንደሚቀርብ የሚያሳይ ሥዕል) ሠራሁ። ዛፍ ከመሥራታችሁ በፊት ግን ድርድሩን በዓይናችሁ እዩት። ፕሮግራሙ የተበላሸ ድርድር ብትሰጡትም ዛፍ ከመሥራት አይመለስም።

ሦስቱን ዛፎች ጎን ለጎን ሳያቸው ዓይነት 53 ቦታውን ይቀያይራል። በሄክሰን ዛፍ ከዓይነት 22 ጎን ነው። በፔንተን ከ37፣ በፋይበር ደግሞ ከ8። ያን ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ! ይህ ቫይረስ ጀርመን ውስጥ ከዓይን ሕመምተኞች የተገኘ ነው፤ ቅይጥ መሆኑም ከኔ በፊት በተመራማሪዎች ታትሟል። ቢሆንም ራስ ሠርቶ ማየት ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ነገሩን በብራና ማስረዳት ይቀላል። ቁም ጸሐፊው ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ያ ሚውቴሽን ነው። እኩሌታውን ከአንድ ብራና፣ ቀሪውን ከሌላ ብራና ከገለበጠ ሪኮምቢኔሽን ይሆናል። አድኖቫይረስ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ስህተቱን የሚያርም ኢንዛይም አለው። ስለዚህ እንደ ኢንፍሉዌንዛ ቶሎ ቶሎ ፊደል አይስትም። ሁለት ተቀራራቢ ዓይነቶች አንድ ሴል ውስጥ ሲገናኙ ግን ትልልቅ ቁራጭ ይለዋወጣሉ።

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱን የሚያከሽፉት ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት የሚያነጣጥሩት ሄክሰንን ነው። ሴሉ ላይ የሚጣበቀው ፋይበር ነው። ዓይነት 8 በዓይን በሽታ የታወቀ ነው። ዓይነት 53 የ8ን ፋይበር ይዞ በ22 ሄክሰን ተሸፍኗል። 8ን የሚያውቅ ሰውነት ይህን በቀላሉ አይለየውም።

ቀጥሎ ዝርያ ቢን ሞከርኩ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቻይና ሻአንሺ (Shaanxi) ግዛት የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ ያስነሳው ቫይረስ መጀመሪያ ዓይነት 11 ተብሎ ነበር። በሄክሰኑ ስታዩት እውነትም 11 ነው። የቀረው ጂኖም ግን ከሞላ ጎደል 14 ነው፤ ዛሬ ዓይነት 55 ይባላል። ለመጀመር የምትፈልጉ ከዚህ ጀምሩ። ሦስት ጂኖም ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ የፋይሉ ስም ላይ ዓይነቱንም የጄንባንክ ቁጥሩንም ጻፉበት። ሲምፕሎት በሚባለው ፕሮግራም 55ን ከ11 እና ከ14 ጋር አወዳድሩት። ፕሮግራሙ 55 ከየትኛው ጋር በየቦታው ምን ያህል እንደሚመሳሰል በመስመር ይስላል፤ ሄክሰን ላይ ሲደርስ መመሳሰሉ ከ14 ወደ 11 ሲሻገር ታያላችሁ።