ዋልያስን የምንወድ ሰዎች የምንከራከርበት ጉዳይ

የዋልያስ ባንድ ወዳጆች ስንገናኝ ጨዋታችን ከሁለት ጥያቄዎች አያልፍም። አንደኛው ከቀረጿቸው ሥራዎች መካከል የትኛው ይበልጣል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የባንዱ ነገር ከዚህ በኋላ ወዴት ያመራል የሚል ነው። በመጀመሪያው ላይ እስኪነጋ ብንከራከር አንሰለችም። ሁለተኛው በተነሳ ቁጥር ግን አብዛኞቹ ጓደኞቼ አንድ ምኞት ይደግማሉ፤ በሕይወት ያሉት አባላት ተሰባስበው አንድ ምሽት አዲስ አበባ ላይ መድረክ ቢይዙልን ይላሉ። ምኞቱ የእኔም ነው፤ ሆኖም የባንዱ ቀጣይ ዕጣ በአንድ ምሽት ዝግጅት የሚወሰን አይመስለኝም። ለምን እንደማይመስለኝ ለማስረዳት ከሥራዎቻቸው መጀመር ይኖርብኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ «በእኛ አቆጣጠር» ካልኩት አንዱ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋልያስ የተመሠረተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ባንዶች የሚጫወቱበት መሣሪያ የክለቡ ወይም የሆቴሉ ባለቤት ንብረት ስለነበረ፣ ባለቤቱ ሲከፋ ባንዱም አብሮ ይበተን ነበር። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው በመሥራታቸው ከዚህ ጥገኝነት ወጡ። ይህ ተራ የንብረት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ድምፃቸውን የሠራው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ሳይበተኑ ለዓመታት አብረው የቆዩ ሰዎች አንዱ ትንፋሹን የት ላይ እንደሚወስድ ሌላው ያውቃል። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላኬ ገብሬ በቤዝ፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ሐረጉ በድራም፣ ግርማ በየነ ደግሞ በፒያኖና በአቀናባሪነት የሚታወቁበት ስብስብ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ተቀምጦ ተጫውቷል።

ከአብዮቱ በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊም በዚህ ድምፅ ውስጥ ድርሻ አለው ብዬ አምናለሁ። ሰዓት እላፊው ከገባ በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል፣ ለመዝናናት የወጣ ሰው ክለብ ውስጥ ይቆይና ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባንዱም እንግዶቹ እስካሉ ድረስ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጨፍር ሕዝብ ፊት የቆመ ሙዚቀኛ ማራዘምን ይማራል፤ ዜማው ካለቀ በኋላም ምቱን ይዞ መቆየት፣ አንዲት አጭር የቤዝ ሐረግ ሳትሰለች ደጋግሞ ማዞር፣ ኦርጋኑ ሲናገር የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዝም ማለት፣ ኦርጋኑ ሲያርፍ ተባብረው መመለስ። ከአሜሪካ የመጣው የፋንክና የሶል ስሜት ከቅኝቶቻችን ጋር የተዋሃደው በወረቀት ላይ ሳይሆን በእነዚያ ሌሊቶች ይመስለኛል።

ወደ ሥራዎቹ ስንመጣ፣ የክርክራችን ማዕከል ሁልጊዜ ሁለት ነው፤ በ1975 በካሴት የወጣው «ትዝታ» እና በ1977 በካይፋ ሪከርድስ በሸክላ የታተመው «ቼ በለው»። የ«ትዝታ» ወገኖች ብዙዎች ናቸው፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። እዚያ ካሴት ላይ ኦርጋኑ የድምፃዊውን ቦታ ይወስዳል። ሁላችንም ግጥሙን በቃላችን የምናውቀውን ዜማ ኃይሉ ያለ ግጥም ይዘፍነዋል፤ ድምፃዊ እንጉርጉሮ ላይ ድምፁን እንደሚያጥፈው ሁሉ እርሱም ጣቱን ቁልፉ ላይ አቆይቶ፣ አላልቶ፣ ከዚያ ይለቀዋል። በመሣሪያ ብቻ የተቀረጸ ሙዚቃ ገበያ ላይ ሊቆም እንደሚችል ያሳየ ሥራ ነው፤ ለዚህም ክብር ይገባዋል።

የእኔ ምርጫ ግን «ቼ በለው» ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የምሰማው አንድን ሰው ሳይሆን ባንድን ነው። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለማስረጃ ልውሰድ። ዜማው የግርማ በየነ ነው። ድራሙና ቤዙ መሬቱን ሲይዙ ጊታሩ አጫጭር ምቶችን በመካከል ይረጫል፤ ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንድ ላይ ሆነው ዋናውን ዜማ ያመጡታል። ዜማው አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሊያንጎራጉረው ይችላል። ታላቅነቱ ያለው በተመላለሰ ቁጥር ከሥሩ በሚፈጠረው ለውጥ ላይ ነው። ጆሮዎን ለአንድ ጊዜ ከዜማው ላይ አንስተው ቤዙ ላይ ብቻ ቢያሳርፉት የመላኬ ገብሬ ጨዋታ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ይሰማዎታል፤ አያሸበርቅም፣ ከምቱም አይወጣም፣ ነገር ግን ሌሎቹ ሁሉ የሚደገፉት በእርሱ ላይ ነው። በዚሁ አልበም ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን መጫወቱን ብዙ ሰው ያውቃል፤ እኔ ደስ የሚለኝ እርሱን የሚያህል ስም ያለው ሙዚቀኛ ገብቶ የባንዱን ሚዛን አለማዛባቱ ነው። «ሎሚ ተራ ተራ»ን እና «እቲ ጓል ብለናይ»ን በአንድ ሸክላ ላይ አስቀምጦ፣ የሀገሪቱን ልዩ ልዩ ዜማዎች በአንድ ዓይነት ምት ማስተናገድም ቀላል ሥራ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ያስፈልጋል። በ1978 የወጣው «ወደ ሐረር ጉዞ» ብዙ ጊዜ በዋልያስ ስም ሲጠራ እሰማለሁ። ኃይሉ መርጊያ ያን ሥራ የሠራው በጊዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ከዳህላክ ባንድ ጋር ነው። ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የዳህላክ ምት ላላ ያለ፣ ለሶል የቀረበ ነው። ሁለቱንም መውደድ ይቻላል፤ የዳህላክን ልጆች ድካም ለዋልያስ መስጠት ግን አይገባም።

በ1981 ባንዱ ማሕሙድ አህመድን አጅቦ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ በአሜሪካ ምድር ተዘዋውሮ ሲጫወት የዚያኔ የመጀመሪያው ነበር፤ አድማጮቹም በአብዛኛው ሀገራቸውን ጥለው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሉ ወደ ሀገር ቤት ተመለሰ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በዋሽንግተን «ዙላ» የሚባል ባንድ አቋቁመው የተወሰነ ጊዜ ተጫውተዋል፤ ያ የሒልተኑ ዋልያስ ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ ዳግመኛ አልተሟላም። የቀሩትን ለመውቀስ የሚቃጣቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ አልወቅስም፤ በዚያ ዘመን ለመቅረት የወሰነ ሰው ምን ትቶ ምን እንደመረጠ የሚያውቀው ራሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ታሪክ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋልና በአጭሩ ልለፈው። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ መንዳት ጀመረ። በዋሽንግተኑ ደለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እስኪደርሰው ድረስ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው ሻንጣ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ከተማ ያገኘ አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ኃይሉን አፈላልጎ በ2013 እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ። ኃይሉም በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን በአዲስ ቀረጻ አወጣ፤ ወደ መድረክም ተመለሰ። ግርማ በየነ በበኩሉ ከዓመታት ዝምታ በኋላ ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር በ2017 አልበም ሠራ። «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ ቀድሞም ቢሆን ድንበር ተሻግሮ ነበር፤ ኒውዮርክ ላይ ዳክታሪስ፣ ቦስተን ላይ ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባሉ ባንዶች ገና ድሮ ተጫውተውታል።

ይህ ሁሉ ሲታይ አንዳንድ ጓደኞቼ የባንዱ ዕጣ ፈንታ ተፈትቷል፣ ዓለም አውቋቸዋል ይላሉ። ዳግም ኅትመቱን ለሠሩት ሰዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ እነርሱ ባይኖሩ የመጀመሪያውን የ«ቼ በለው» ሸክላ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ከሚሸጡ ሰብሳቢዎች እጅ ማን ያወጣልን ነበር? ሆኖም ነገሩን ጠጋ ብለን ካየነው፣ ዓለም ያወቀው በባንዱ ስም የወጡትን ጥቂት ሥራዎች ነው። የዋልያስ ሥራ ትልቁ ክፍል ያለው እዚያ አይደለም። እንደ ማንኛውም የዘመኑ ባንድ ሥራቸው በዋናነት ድምፃውያንን ማጀብ ነበር፤ ያ ድካም ያለው በድምፃውያኑ ካሴቶች ውስጥ ነው።

የአንድ የዚያን ዘመን ካሴት ሽፋን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከፊት የድምፃዊው ፎቶግራፍና ስም በትልልቅ ፊደላት ይታያል፤ ከታች የሙዚቃ ቤቱ ስም፣ ቦታና የስልክ ቁጥር አለ። ዕድለኛ ከሆናችሁ በጀርባው ላይ «አጃቢ» ከሚል ቃል ቀጥሎ የባንዱ ስም በደቃቅ ፊደል ይገኛል። ድራሙን የመታው፣ ቤዙን የያዘው፣ ቅንብሩን የሠራው ሰው ስም በአብዛኛው የለም። ካሴቱ ተገልብጦ ሲሸጥ ደግሞ ያችም ደቃቅ ጽሑፍ ትቀርና በእስክሪብቶ የተጻፈ የድምፃዊ ስም ብቻ ይተርፋል። ከዚያ ወደ ኢንተርኔት የሚጫነው ይኸው ቅጂ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወጣት ከእነዚያ ዘፈኖች አንዱን ሲወድ የሚወደው ቤዝ የማን እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የባንዱን ቀጣይ ዕጣ የሚወስነው በእነዚያ ካሴቶች ላይ ማን እንደተጫወተ መታወቁ ነው የምለው ለዚህ ነው። በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለተጫዋቾችም መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን ማን እንደተጫወተ ካልታወቀ መብቱ ለማን ይሰጣል? ከገንዘቡ ባሻገርም፣ ታሪካቸው በሁለት ወይም በሦስት አልበሞች ከተወሰነ፣ ዋልያስ የውጭ ሰብሳቢዎች የሚያደንቁት ብርቅ ነገር ሆኖ ይቀራል እንጂ የአዲስ አበባን የአንድ ዘመን ድምፅ የሠራ ባንድ መሆኑ አይታወቅም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስለው «ጆሮ ይበቃል፤ ዋልያስን በሁለት ደቂቃ እለየዋለሁ» አለኝ። ጆሮው ጥሩ መሆኑን አልክድም። እኔም የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሐረጉን ሲጨርሱ እኩል የሚያቋርጡበትን አቋራረጥ፣ የኦርጋኑንም አገባብ ስሰማ ልቤ ዋልያስ ነው ይለኛል። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ከባንድ ወደ ባንድ ይዘዋወሩ ነበር፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካው ነበር፤ አይቤክስ፣ ዳህላክና ዋልያስ እርስ በርስ ይደማመጡ ስለነበር አንዱ የሌላውን ዘዴ መውሰዱም አይቀርም። በጆሮ ብቻ የተመሠረተ ምስክርነት የ«ወደ ሐረር ጉዞ»ን ዓይነት ስሕተት ያበዛል። የሚያስፈልገው እዚያ የነበሩትን ሰዎች መጠየቅ ነው። ካሴቱን ከፊታቸው ማጫወት፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ የትኛው ሆቴል ውስጥ እንደተቀረጸ፣ ቅንብሩን ማን እንዳመጣው ማስነገርና መጻፍ። ይህ ሥራ ጊዜ አይሰጥም፤ ከዚያ ትውልድ ሙዚቀኞች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ያለፉም አሉ።

ስለ መድረኩ ምኞት የምለው ካለ፣ ኃይሉ አሁን የሚጫወተው ከድራምና ከቤዝ ጋር በሦስት ሰው ነው፤ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ የሉም፤ የእነርሱን ዜማ አንዳንዴ በኦርጋን፣ አንዳንዴም በሜሎዲካ ይሞላዋል። በ2023 የወጣውን የመድረክ ቀረጻውን የሰማ ሰው ይህ የድሮውን ለመምሰል የሚደረግ ሙከራ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ዕድሜው የገፋ ሰው አዲስ ነገር እየፈለገ ነው። የድሮውን ዋልያስ ምሰልልን ብሎ መጠየቅ ለእርሱም ለሙዚቃውም ደግ አይመስለኝም። የሒልተኑን ድምፅ መልሶ መድረክ ላይ ማቆም የሚገባቸው ሙሉ የትንፋሽ ክፍል ያላቸው የአዲስ አበባ ወጣት ባንዶች ናቸው፤ ለዚያም ቅንብሮቹ በኖታ ሊጻፉላቸው ይገባል።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ በእጃችን ካሉት ካሴቶች ጀምረናል። ሽፋኖቹን ከፊትም ከጀርባም ፎቶ እያነሳን፣ የባንድ ስም ያለበትን ከሌለበት እየለየን ነው፤ የዋልያስ ስም በግልጽ የታተመበትን ብቻ በአንድ መዝገብ፣ በጆሮ የጠረጠርነውን ደግሞ በሌላ እናስቀምጣለን። በ1975 እና በ1981 መካከል የታተመ፣ ኦሪጅናል ሽፋኑ ያልጠፋ ካሴት ያለው አንባቢ ካለ፣ ካሴቱን አይላክልን፤ የሽፋኑ የጀርባ ፎቶ ይበቃናል።