ደብተርዎን ረስተው ሄደዋል

ደብረ ማርቆስ የተመደብኩት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። የዓባይን በረሃ ወርደን ደጀን እስክንወጣ ድረስ ሆዴ ባር ባር ሲለኝ ነበር። መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን አገር የለቀቅሁ ያህል ነበር።

ወር ሳይሞላኝ ወደድኳት። ሽማግሌዎቹ አንዳንዴ እስከ ዛሬ መንቆረር ይሏታል፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ስሟ ሳይለወጥ በፊት የምትጠራበት ነው። ምሳዬን ቤቴ በልቼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ በእግሬ ወደ ሥራ እመለሳለሁ። አዲስ አበባ እያለሁ ያ ሰዓት የሚያልቀው ታክሲ ጥበቃ ላይ ነበር። አንድ ሰሞን ታምሜ ሁለት ቀን ብቀር፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ጎረቤቶች አጥሚት ይዘው መጡ። ሁሉም ያየኛል ማለት ሁሉም ይሰማኛል ማለት መሆኑን ግን ልብ አላልኩም።

በየገበያው ቀን ወደ መስኮቴ የሚመጡ አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት ነበሩ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ይፈቱና የተጣጠፉትን ብሮች አንድ በአንድ ዘርግተው ያቀብሉኛል፤ ብሩ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። አንዳንዴ 50 ብር፣ ሲቀናቸው 200። መፈረም ስለማይችሉ ቀለም ነክተው አውራ ጣታቸውን ያሳርፋሉ። ከዚያ ደብተሩን ተቀብለው እንደገና ቋጥረውት ይሄዳሉ።

አንድ ቀን ሰው በዝቶ ስንጋፋ ደብተሩ እኔው ጋ ቀረ። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ መልስ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ደስ አለኝ። ገና ከሩቅ «እማማ፣ ደብተርዎን ረስተው ሄደዋል! ነገ ብቅ ብለው ይውሰዱ፣ እኔ ጋ አለ» አልኳቸው። ፊታቸው ጥቁር አለ። መልስ አልሰጡኝም። አጠገባቸው ጋቢ የለበሱ ሰው ነበሩ፤ ዞር ብለው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ።

ሰውየው የባላቸው ወንድም ነበሩ። ሰኞ ጠዋት ባንኩ ሲከፈት ቀድመው ቆመው አገኘናቸው፤ «የወንድሜ ሚስት ስንት አላት?» ነው ጥያቄያቸው። ሥራ አስኪያጃችን የደንበኛ ሒሳብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም እንደማይነገር በትሕትና አስረድተው ሸኟቸው። ምን ዋጋ አለው፤ ደብተር መኖሩን እኔ ነግሬያቸዋለሁ።

እናት ከሰዓት መጡ። ቁጣቸውን ስጠብቅ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተስ ደግ የሠራህ መስሎህ ነው። ቤቴ ግን አያውቅም ነበር» አሉኝ። ገንዘቡ ለልጃቸው ትምህርት ነበር፤ ኮሌጅ ስትገባ የሚከፍሉላት። አሁን ግን ለአማቻቸው ተዝካር ድግስ እንዲያወጡት ተፈርዶባቸዋል። 4,300 ብር ቆጥሬ ሰጠኋቸው። በሥራ ዘመኔ ስቆጥር እጄ የተንቀጠቀጠው ያን ቀን ብቻ ነው። ደብተሩ ውስጥ 25 ብር ቀረ።

የባንክ ምሥጢር ማለት እኔ በሥልጠና የተማርኩት ስለ ቁጥር ነበር፦ ቀሪ ሒሳብ አትናገር፣ ፊርማ አታሳይ። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ደንበኛዬን ባገኝ እንኳ አጠገቡ ያለው ሰው አያውቀኝም፤ ሰምቶም ያልፋል። ማርቆስ ላይ ግን ባንክ ቤት ደጃፍ መታየት ራሱ ወሬ ነው። ከዚያ ወዲህ የገንዘብ መጠን በአፌ አልጠራም፤ ወረቀት ላይ ጽፌ በመስኮቱ ሥር አሳልፋለሁ፤ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ጎንበስ ብዬ በጆሮው እነግረዋለሁ። የረሳ ሰው ቢኖር ራሱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። አዲስ ልጅ ሲቀጠርም ከማኅተሙና ከቁልፉ በፊት ይህንኑ እነግረዋለሁ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ያካበድኩ ይመስላቸዋል።

እናት አራት ወር ያህል ጠፉ። አንድ የገበያ ቀን ቀና ስል ነጠላቸውን በጥርሳቸው ሲፈቱ አየኋቸው። 60 ብር ነበር። አንድም ቃል ሳንነጋገር መዝግቤ፣ ማኅተም መትቼ ደብተሩን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

በዚያው ዓመት ጥምቀት ላይ ከባላቸውና ከዚያው ሰውዬ ጋር ታቦት አጅበው ሲያልፉ ፊት ለፊት ተገናኘን። ለማንኛውም መንገደኛ እንደማደርገው ጎንበስ ብዬ «እንኳን አደረሳችሁ» አልኩ። እሳቸውም እንደማያውቁኝ ሆነው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለው አለፉ።