ስማችሁን የሚያነሳ ሰው ምን ብሎ ያንሳው?

አንድ ኃላፊ «ለዚህ ቦታ የሚሆን ሰው ታውቃለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ተጠያቂው ሲቪ አያገላብጥም። ትዝ ያለውን ይናገራል። «አንዲት ባለሙያ አለች፤ ቆጠራውና መዝገቡ አልገጥም ያለ መጋዘን ሥርዓት ታስይዛለች» ይላል፤ ንግግሩ እዚያ ላይ ያበቃል። የግል ብራንድ የሚባለው በተግባር ይቺው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ፎቶው፣ ፕሮፋይሉና ፖስቱ እሷን ለማስረገጥ ይመጣሉ። ብዙ ሰው ግን ከፎቶው ይጀምርና ዓረፍተ ነገሯ ጋ ሳይደርስ ይሰለቻል።

ለምን አንዲት ብቻ? ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን «ያንን ሰው ምን ያህል ጊዜ ታገኙት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ዘወትር እናገኘው ነበር ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ናሙናው ትንሽ ቢሆንም ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የቅርብ ወዳጅ የሚሰማውን ወሬ እኛም ሰምተነዋል፤ አዲስ ወሬ ያለው ሌላ ቦታ የሚውለው ሰው ዘንድ ነው። እሱ ደግሞ ስለ እናንተ አሥር ነገር አይዝም።

ዓረፍተ ነገሯ ለማን፣ የትኛውን ችግር፣ በምን ማስረጃ የሚሉትን ትመልስ። «ውጤት ተኮር፣ ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል የአቅርቦት ባለሙያ» የሚለው አንዱንም አይመልስም። «የመድኃኒት አከፋፋዮችን የመጋዘን ቆጠራ ከመዝገብ ጋር አስታርቃለሁ፤ በአንድ ዓመት ልዩነቱን ከ9 በመቶ ወደ 2 አውርጃለሁ» የሚለው ግን ጆሮ ላይ ይቀራል። ጠባብነቱ ያስፈራል፤ ሌላውን ሥራ አልችልም ያልኩ ይመስልብኛል የሚል ሥጋት የተለመደ ነው። ሰው በአንድ ነገር ካመነባችሁ ሌላውንም አብሮ ስለሚጠይቃችሁ ብዙ አትጨነቁ። ዓረፍተ ነገሯን ለባልደረባችሁ ከነገራችሁት ከሳምንት በኋላ «እኔ ምን እንደምሠራ ለሌላ ሰው ብትነግር ምን ትላለህ?» ብላችሁ ሞክሩት። «የሎጂስቲክስ ነገር መሰለኝ» ካለ፣ ማብራሪያ አትጨምሩ፤ ቃላት ቀንሱ።

ማስረጃው ከትዝታ አይመጣም። በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ሲቃረብ ተቀምጦ «ምን ሠርቼ ነበር?» የሚል ሰው የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ብቻ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በየሳምንቱ አርብ 15 ደቂቃ ወስዳችሁ አንድ ፋይል ላይ አራት መስመር አስፍሩ፦ ችግሩ፣ እኔ ያደረግሁት፣ የተለወጠው፣ ያየው ሰው። እንዲህ ያለ ነገር፦ «መደርደሪያ 4 ላይ በየቆጠራው ካርቶን ይጎድላል። የተበላሸ ዕቃ ሳይመዘገብ እንደሚወገድ ደረስኩበት፤ መውጫው በር ላይ የብልሽት ቅጽ አስቀመጥኩ። ጉድለቱ ከ31 ካርቶን ወደ 6 ወረደ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ አይተዋል።» ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሦስተኛው መስመር ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረው ሁኔታ ስላልተለካ «በጣም ተሻሽሏል» ብቻ ይቀራል። አንድ ነገር ልታስተካክሉ ስትነሱ መጀመሪያ ቁጥሩን ያዙ፤ ቁጥር ከሌለው ፎቶ አንሱ ወይም የሚፈጀውን ጊዜ መዝግቡ።

ከዚያ ፋይል ወደ አደባባይ የሚወጣው ሁሉም አይደለም። የቅጥር ውላችሁ ላይ ያለውን የምስጢር አንቀጽ አንብቡ። የደንበኛ ስም፣ ዋጋና የሽያጭ መጠን አይወጣም። ቁጥሩን ወደ መቶኛ መለወጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዘርፉ ጠባብ ከሆነ ግን «አንድ ትልቅ አከፋፋይ» ማለትም ስም ከመጥራት አይተናነስም። ስታመነቱ አለቃችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።

ፕሮፋይሉ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ሊንክድኢን የተባለው የባለሙያዎች ማኅበራዊ ድረ ገጽ ከስም በታች ላለው መስመር 220 ፊደል ይፈቅዳል፤ ፍለጋ ላይ ግን ስለሚቆረጥ ዋናው ነገር ከፊት ይግባ። «ስለ እኔ» የሚለው ክፍል 2,600 ፊደል ይይዛል፤ ግማሹ ይበቃል። ስማችሁን በላቲን ፊደል የምትጽፉበትን መንገድ አንድ አድርጉ፤ ሲቪው ላይ አንድ፣ ፕሮፋይሉ ላይ ሌላ ከሆነ የሚፈልጋችሁ ሰው ግማሹን ብቻ ያገኛል። ብራውዘሩን በግል መስኮት ከፍታችሁ ስማችሁን ከሙያችሁ ጋር ፈልጉና የሚወጣውን እዩ።

በየቀኑ ጻፉ የሚለው ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። ሥራ ያለበት ሰው በሦስተኛው ሳምንት የሚጽፈው ያልቅበትና ወደ ማነቃቂያ ጥቅስ ይዞራል፤ ዓረፍተ ነገሯም እዚያው ትሰምጣለች። ከአርቡ ፋይል በየ15 ቀኑ አንድ ይውጣ። ከ200 እስከ 300 ቃል፦ ችግሩ፣ መጀመሪያ በስህተት የተጠረጠረው ምክንያት፣ እውነተኛው ምክንያት፣ አንባቢው የራሱን እንዴት እንደሚፈትሽ። በስህተት የተጠረጠረውን ምክንያት አትዝለሉት፤ ሥራውን የሚያውቅ አንባቢ የሚያምናችሁ እዚያ ላይ ነው። ሊንክድኢን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች አሳይቶ ሌላውን ስለሚያጥፈው ሰላምታና መግቢያ ትታችሁ ከችግሩ ጀምሩ። በኤአይ ማስጻፍም ይቻላል፤ የመደርደሪያ 4ን ጉድ ግን ካልነገራችሁት አያውቀውም፤ ያ ዝርዝር ከሌለ ጽሑፉ የማንም ሊሆን ይችላል። ለመጻፍ የማትደፍሩ ከሆነ በዘርፋችሁ ሰዎች ፖስት ሥር ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚሆን ጠቃሚ አስተያየት መስጠት ጥሩ መነሻ ነው። «ግሩም ነው» የሚለው አይቆጠርም።

ከሁሉም የሚረሳው የራስ መሥሪያ ቤት ነው። የእድገት ጉዳይ ሲነሳ ስለ እናንተ የሚከራከረው የቅርብ አለቃችሁ ነው፤ እሱም የሚለው ነገር ያስፈልገዋል። በወር አንድ ጊዜ አምስት መስመር ኢሜይል ላኩ፦ ያለቀው፣ ቁጥሩ፣ የተያዘው፣ ያስቸገረው፣ ከእሱ የሚፈለገው። የቡድን ሥራ ላይ «እኔ» ብቻ ማለት ያስጠላል፤ «እኛ» ብቻ ማለት ደግሞ ድርሻችሁን ያስረሳል። «ቡድኑ ይህን ጨረሰ፤ የእኔ ድርሻ ቅጹን ማውጣትና ሠራተኞችን ማለማመድ ነበር» ማለት ሁለቱንም ያድናል። የተሰጣችሁ ሥራ ቀኑ አልፎበት ሳለ ውጪ ፖስት ከታየ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ባልደረቦች መጀመሪያ የሚያስታውሱት ያልደረሰውን ሥራ ነው።

ምስክርነት የሚጠየቀው ሥራው ባለቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው፤ ፋይሉ ላይ «ያየው ሰው» ተብሎ ከተጻፈው። በደፈናው «ስለ እኔ ይጻፉልኝ» ከተባለ የሚመጣው «ጎበዝና ትጉህ» ነው። «ስለ ብልሽት ቅጹ ሦስት አራት መስመር ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ በሒሳብ ክፍል በኩል የቀለለውን ነገር» ማለት ለጸሐፊውም ያቀልለታል።

ዘርፍ ስትቀይሩ የቆዩትን ፖስቶች አታጥፉ። የመጋዘን ሰው ወደ ዳታ ትንተና ቢሄድ ያለው ሀብት ጉድለት ከየት እንደሚመጣ ማወቁ ነው። ከስም በታች ያለውን መስመር ለውጡና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የምትጽፉት የድሮውን ችግር በአዲሱ መሣሪያ የሚፈታ ይሁን።