በኤረር ሸለቆ የሚያድር መኪናን ከአይጥ መጠበቅ

በሥራዬ ምክንያት ከሐረር ተነሥቼ በባቢሌ በኩል የዝሆኖች መጠለያ ወዳለበት ወደ ኤረር ሸለቆ ስወርድ፣ ላንድክሩዘሩን ጥርጊያው መንገድ በሚያልቅበት ቦታ አቁሜ ከባልደረቦቼ ጋር በእግር እቀጥላለሁ። መኪናው ብቻውን ሲያድር ከሌባ ይልቅ የሚያሳስበኝ አይጥ ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ስለሚያድግ፣ ባይርበውም እንኳ አንድ ነገር እየከረከመ ጥርሱን መሞረድ አለበት፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ደግሞ ለዚህ ይመቸዋል። ከአስፋልት ርቆ አንድ ሽቦ ቢበጠስ ሞተሩ ላይነሣ ይችላል።

ጥንቃቄዬ የሚጀምረው ባቢሌ ከተማ ላይ ነው። ባቢሌ የለውዝ አገር በመሆኗ ሳይገዛ የሚያልፍ መንገደኛ ጥቂት ሲሆን፣ ልጣጩ ወንበር ሥርና ምንጣፍ ላይ ይበተናል፤ በእኔ እምነት አይጥን ወደ ጋቢና ከሚስቡት ነገሮች ሁሉ ይህ ይብሳል። ስለዚህ የተገዛው ለውዝ በሙሉ ክዳን ባለው ቆርቆሮ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ፤ ከመኪናው ከመራቃችን በፊትም ጋቢናውን እስከ ወንበሮቹ ሥር እጠርጋለሁ። ስንቅ መኪና ውስጥ አይቀርም።

ለማቆሚያ የምመርጠው ከቁልቋል፣ ከድንጋይ ክምርና ከረጅም ሣር የራቀ ገላጣ መሬት ነው፤ ጥላ ባይኖረውም ግድ የለኝም። የሞተሩንና የጋቢናውን አየር ማስገቢያዎች፣ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የብረት ወንፊት ሸፍኛቸዋለሁ፤ የአይጥ ግልገል በጣት በማትሞላ ቀዳዳ እንኳ ሾልኮ ስለሚገባ ሰፋ ያለ ወንፊት ጥቅም የለውም። ዝናብ በማይጠበቅበት ወቅት ኮፈኑን ከፍቼ አሳድራለሁ፤ አይጥ የሚፈልገው ጨለማና ሙቀት ያለበትን ስውር ቦታ ስለሆነ፣ የተከፈተ ሞተር ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ መደበቂያም አይሆነውም።

ብዙዎች የሚመክሩትን ናፍታሊን ትቼዋለሁ። ነፋስ ባለበት ሽታው ቶሎ ይጠፋል፤ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ ደግሞ ተሳፋሪውን ይጎዳል። የአይጥ መርዝን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ መርዝ የበላ አይጥ ብዙ ጊዜ ወዲያው ስለማይሞት ጉጉትና ጭልፊት ይበሉታል፣ መርዙም ይተላለፍባቸዋል። ዝሆኖችን ለመጠበቅ በተከለለ ምድር ላይ ይህን ማድረግ አይገባም።

ስንመለስ፣ ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት የፊልትሮውን (የአየር ማጣሪያውን) ቤት ከፍቼ ሣር ወይም ጨርቅ እንዳልተጎዘጎዘበት አያለሁ፤ ሽቦዎቹን፣ ቺንጊያውን (የሞተሩን ቀበቶ) እና የነዳጅ ቱቦውንም በባትሪ መብራት እፈትሻለሁ። የአይጥ ኩስ ካገኘሁ አቧራው እንዳይቦን በደረቁ አልጠርገውም፤ ጓንት አድርጌ፣ በውሃ የተበጠበጠ በረኪና ረጭቼ ጥቂት ካቆየሁ በኋላ በጨርቅ አነሣዋለሁ።