የወደቀች ቢምቢ ሁሉ አልሞተችም

ፓይረትሮይድ (በአጎበርና በቤት ርጭት የሚውል የነፍሳት መድኃኒት) የተቀባ ወረቀት የነካች ቢምቢ ብዙም ሳትቆይ በጀርባዋ ተንጋላ ትንፈራገጣለች። ያኔ «መድኃኒቱ ይሠራል» ማለት ችኮላ ነው። መርዙን በኢንዛይም የምታፈራርስ ከሆነች ወድቃ ትነሳለች፤ በማግስቱ በሙከራ ቱቦው ውስጥ ስትበር ትገኛለች። በ60ኛው ደቂቃ የሚመዘገበው የወደቁት ቁጥር ነው፤ የሞቱት የሚቆጠሩት ከ24 ሰዓት በኋላ ነው።

ቢምቢዎች መድኃኒቱን መላመዳቸውን፣ ማለትም መቋቋማቸውን፣ በሚለየው የዓለም ጤና ድርጅት የቱቦ ሙከራ በእያንዳንዱ ቱቦ ከ20 እስከ 25 ሴት ቢምቢዎች ይገባሉ። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ደም ያልጠጡ። አራት ቱቦ ለመድኃኒቱ፣ ሁለት መድኃኒት ለሌለው ማነጻጸሪያ። መጀመሪያ አረንጓዴ ምልክት ባለው ቱቦ 1 ሰዓት ይቆያሉ፤ በዝውውር የተጎዱት የሚለዩት እዚህ ነው። ከዚያ በቀስታ እፍ እየተባሉ ቀይ ምልክት ወዳለውና፣ ለምሳሌ፣ 0.05% ዴልታሜትሪን (አንዱ ፓይረትሮይድ) ያለው ወረቀት ወደተነጠፈበት ቱቦ ያልፋሉ። ቱቦው ቀጥ ብሎ 60 ደቂቃ ይቆማል። ተመልሰው ወደ አረንጓዴው ሲገቡ 10% የስኳር ውኃ የነካ ጥጥ ይቀመጥላቸዋል።

ውጤቱን በብዛት የሚያበላሸው ግን የቢምቢዎቹ አመጣጥ ነው። ከአንድ ኩሬ ብቻ የተለቀመ እጭ የአንድ እናት ልጆች ሊሆን ስለሚችል ከብዙ ኩሬ መልቀም ይሻላል። ከቤት ውስጥ የተያዙ ደግሞ ዕድሜያቸው አይታወቅም፤ ያረጀች ቢምቢ በቀላሉ ስለምትሞት መላመዱ ይደበቃል።

ስትቆጥሩ እግር አትቁጠሩ። ሦስት እግር ብቻ ቀርቷት መብረር የምትችል በሕይወት አለች። ማነጻጸሪያው ውስጥ የሞቱት ከ20% ካለፉ ሙከራው ይጣላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ያለ መድኃኒቱም ይሞቱ የነበሩትን በሚቀንሰው በአቦት ቀመር ይስተካከላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፦ በመድኃኒቱ 90%፣ በማነጻጸሪያው 15% ከሞቱ፣ 90 ሲቀነስ 15፣ ለ85 ሲካፈል 88.2% ይሆናል። የሞቱት ከ90% በታች ከሆኑ መላመዱ የተረጋገጠ ነው፤ 98% እና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይገድላል፤ መካከሉ ይደገማል።

መላመዱ ከተረጋገጠ ቀጣዩ ጥያቄ «በምን?» ነው። ቢምቢዎቹን በ4% ፒቢኦ ወረቀት ላይ 1 ሰዓት አቆይቶ ወዲያው ለፓይረትሮይዱ ማጋለጥ ነው። ፒቢኦ የሚያፈራርሱትን ኢንዛይሞች ስለሚገታ የሞቱት በደንብ ከጨመሩ ጥፋተኛው ኢንዛይም ነው፤ ፒቢኦ ያለበት አጎበር ትርጉም ይኖረዋል። የመድኃኒቱ ገዳይነት ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ጊዜ መርዙ የሚያርፍበት የነርቭ ሶዲየም በር ራሱ ተለውጧል።

መድኃኒቱ ክሎርፌናፒር የሚባለው ፓይረትሮይድ ያልሆነ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። መርዝ የሚሆነው የቢምቢዋ ኢንዛይሞች ከለወጡት በኋላ ስለሆነ ፒቢኦ ሊያዳክመው ይችላል፤ ክፍሉ ከቀዘቀዘም ገዳይነቱ ይቀንሳል። በጠርሙስ ሙከራ የጠርሙሱ ውስጥ 100 ማይክሮግራም ተቀብቶ 1 ሰዓት ከተጋለጡ በኋላ የሚጠበቀው እስከ 72 ሰዓት ነው። በ24 ሰዓት ቆጥሮ «አልሠራም» ያለ ሰው ነገ የሚሞቱትን በሕይወት መዝግቧል።