ኖርተን ኮማንዶ ቆሞ ሲከርም ዘይቱ የት ይገባል?

ኖርተን ኮማንዶ የተባለው የድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ይህችን ጣጣ ያውቃታል። ሞተሩ ጥቂት ሳምንት ሳይነሳ ከቆመ የታንኩ ዘይት ቀስ በቀስ ወርዶ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ ስታስነሱት ጭሱ ሰፈሩን ያጥነዋል፣ ዘይት በመተንፈሻው ይወጣል፣ ሲብስም የክራንኩን ሲል (የዘይት ማገጃ ጎማ) ጥሶ ወደ ፍሪሲዮኑ ይገባል።

በእነዚህ የድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች ዘይቱ የሚቀመጠው ለብቻው ከፍ ብሎ በተሰቀለ ታንክ ውስጥ ነው። ፓምፑ ሁለት ጥንድ ጥርስ (ማርሽ) አለው፤ ጠባቡ ዘይቱን ወደ ክራንኩ ይልካል፣ ሰፊው የወረደውን ጠርጎ ወደ ታንክ ይመልሳል። ሞተሩ ሲቆም ግን በጥርሶቹና በፓምፑ ግድግዳ መካከል ባለችው ክፍተት ዘይቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ፓምፑ ባረጀ ቁጥር ደግሞ ይፈጥናል።

አደራ፣ ታንኩ ጎደለ ብላችሁ ዘይት አትጨምሩ! ዘይቱ ታች ነው ያለው፤ ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ታንኩን ሞልቶ ይፈሳል። የታችኛውን ቡሎን ፈታችሁ አውጡትና ያው ንጹሕ ከሆነ ታንክ ውስጥ መልሱት። መለካት ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ከታንኩ በሚወርደው ቱቦ ላይ መዝጊያ ያስገባል። እኔ በፍጹም አልመክርም። መክፈቱ የተረሳ ቀን ክራንኩ ያለ ዘይት ይሽከረከራል፣ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ ስፕሪንግ ያለው ቫልቭ ቢሆንም ፓምፑ የሚስብበትን መንገድ ያጠባል።

እኔ የጀመርኩት ከፓምፑ ነው። ፈታሁት፣ ጥርሶቹ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳሉ። ወፍራም መስታወት ላይ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ የፓምፑን አካል ፊት በቀስታ እያሸሁ፣ በየመሀሉ እያጠብኩና እየገጠምኩ፣ ዘንጉ በጣት ሲዞር ለስለስ ብሎ ግን ትንሽ ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ቀጠልኩ። በፓምፑና በሞተሩ የጎን ሽፋን መካከል ያለችውን ትንሿን ጎማም ቀየርኳት፤ እሷ በደንብ ካልተጨመቀች ግፊቱ እዚያው ይባክናል።

አሁን መውረዱ በጣም ቀንሷል። ጨርሶ አይቆምም፣ ምክንያቱም ጥርስ ለመዞር ክፍተት ያስፈልገዋል። ሁነኛው መፍትሔ ቫልቩን ከፓምፑ በኋላ፣ ዘይቱ በግፊት በሚያልፍበት ሽፋን ውስጥ ማድረግ ነው። ፋብሪካው ራሱ በ1975 ማርክ 3 በተባለው የኮማንዶ ሞዴል ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። የእኔ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ ሽፋኑን ቶርኖ ቤት ልወስደው ነው። ሥራው ሽፋኑ ላይ ብቻ ስለሆነ ሞተሩን መበተን አያስፈልግም።