ከልጄ ክርስትና በኋላ ወለሉ ላይ የቀሩት ሦስት ነጥቦች

የልጄ ክርስትና በተከበረ በሦስተኛው ቀን፣ የደረቀውን ቄጤማ ጠርጌ የቡናውን ዕቃ ሳነሣ፣ የብረት ምድጃው ቆሞበት በነበረው ቦታ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አየሁ። እያንዳንዳቸው አንድ ሳንቲም ያህላሉ፤ ጠርዛቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። መጀመሪያ ጥላሸት መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ አሸሁት፤ አልለቅ ሲለኝ በሳሙና ሞከርሁ፤ በመጨረሻም በጥፍሬ ቧጠጥሁት። ነጥቡ ግን እንጨቱ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን እንጨቱ ውስጥ የገባ ነበር።

ቤታችን በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሚገኝ ያረጀ ቤት ሲሆን ሳሎኑ በኦክ እንጨት የተነጠፈ ነው። ከገዛነው ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ወለሉን ከማንኛውም የቤቱ ክፍል አብልጬ እወደው ስለነበር፣ ነጥቦቹን ሳይ ለእንግዳ የማይታየው የቤቱ ማዕዘን ሁሉ የተበላሸ ያህል ተሰማኝ።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው ልታርሰኝ ነበር። በሻንጣዋ በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ይዛ፣ ከእነርሱም መካከል መርካቶ ያሠራችውን ባለ ሦስት እግር ትንሽ የብረት ምድጃ በነጠላ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ለክርስትናው ቀን ከሐበሻ ሱቅ ቄጤማ ገዝተን ስንጎዘጉዝ፣ እንዳይጠወልግ ብላ በላዩ ውሃ ረጨችበት፤ ምድጃውንም ከቄጤማው ላይ አስቀመጠችው። ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለን ፍሙ ሲበስል ለዕጣን ብቻ እናስገባ ነበር። (ይህንንም አሁን ጨርሰን ትተነዋል፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ እናጨሳለን።) እንግዳው ሲመላለስ ሦስት ቀን ሙሉ ምድጃውን ከቦታው ያነሣው አልነበረም።

የሆነውን ነገር ኋላ የነገረኝ ወለል ለማየት የመጣ ባለሙያ ነው። ኦክ እንጨት ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው፤ ቆዳ አልፊዎች ከዛፍ ልጣጭ የሚፈልጉት እርሱን ነው። ታኒን ከብረትና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይሆናል፤ አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ቀለምም ከዚሁ ከታኒንና ከብረት የተሠራ ነበር። እናም እኛ በእርጥብ ቄጤማና በብረት እግር በገዛ ወለላችን ላይ ሦስት ነጥብ ጽፈንበታል ማለት ነው።

ወለልን በውሃ መጉዳት ለእኔ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ወደዚህ አገር እንደመጣሁ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር የተከራየሁት አፓርትመንት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ ለማለት በተቃረበ ምንጣፍ የተሸፈነ ነበር። አንድ እሑድ ድስት ይዤ ስሻገር የአልጫ ወጥ ፈሰሰብኝ። እኔም በአገሬ ልማድ ፈላ ያለ ውሃ አምጥቼ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አፍስሼ በብሩሽ ፈተግሁት። በዚያች ሰዓት ንጹሕ መሰለ፤ በማግስቱ ግን እድፉ ከመጀመሪያው ሰፍቶ ተመለሰ። ፈሳሹ ወደ ምንጣፉ ሥር ወርዶ ስፖንጁን አጥግቦ፣ ጸጉሩ ሲደርቅ ቅባቱንና እርዱን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል። ያልታጠበው ሳሙና ደግሞ ሙጫ ሆኖ የጫማውን አቧራ ሁሉ ሰበሰበ፤ ቦታው በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠቆረ።

ምንጣፍ ላይ ወጥ ከፈሰሰ ፊት ለፊት ያለው ሥራ መፋተግ ሳይሆን መምጠጥ ነው። ጓጉላውን በማንኪያ ጠርዝ ከዳር ወደ መሐል ሰብስቦ ማንሣት፣ ከዚያ ነጭ ጨርቅ ወይም ሶፍት እየተጫኑ ፈሳሹን ማስወጣት፣ በመጨረሻም አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሳሙና ብቻ አድርጎ፣ ነካ እያደረጉ ማንሣትና በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። ባለቀለም ጨርቅ የራሱን ቀለም ሊያስተላልፍ ይችላል። ከዶሮ ወጥ ይልቅ አልጫ የሚያስቸግረው በእርዱ ምክንያት ነው፤ እርድ ራሱ የጨርቅ ማቅለሚያ ነውና። ሆኖም የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም፤ በመስኮት የሚገባ ብርሃን የሚያርፍበት ቦታ ከሆነ በቀናት ውስጥ ሲፈዝ አይቻለሁ። የቁስል ማጠቢያ የሆነውን ሦስት በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚመክሩ አሉ፤ በሰው ሠራሽ ነጭ ምንጣፍ ላይ ይሠራል፤ ነገር ግን የምንጣፉን ቀለምም ሊያነጣ ስለሚችል ከቁም ሣጥን ውስጥ በማይታይ ጥግ ሳይሞክሩት አይነካም። ሱፍ ምንጣፍ ላይማ ከቶ አልሞክረውም። የረጠበው ስፖንጅ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ስለሚይዝ፣ አየር ማራገቢያ ማቆም የግድ ነው።

ከዚያ አፓርትመንት ስንወጣ አከራያችን ስንገባ ያስያዝነውን ገንዘብ፣ ዲፖዚታችንን፣ ሙሉውን ይዞ ቀረ። ገንዘቡ ለምንጣፍ ማስለወጫ እንደዋለ በቃል ብቻ ነገረን። በሜሪላንድ አከራይ ከዲፖዚት የሚቆርጥ ከሆነ ተከራዩ በወጣ በ45 ቀን ውስጥ ጉዳቱንና ወጪውን ዘርዝሮ በጽሑፍ መላክ እንዳለበት፣ በመኖር ብቻ የሚመጣ መዳከም ደግሞ በተከራይ ላይ እንደማይጫን ያወቅሁት እጅግ ዘግይቼ ነው። ዛሬ አዲስ ቤት የሚከራዩ ዘመዶቼን ገና ሻንጣ ሳያስገቡ የምንጣፉን እያንዳንዱን ጥግ በስልክ ቀርጸው እንዲያስቀምጡ እወተውታቸዋለሁ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ከክርስትናው በፊት፣ እኔ ለሐኪም ቀጠሮ በወጣሁበት ቀን፣ ባለቤቴን አስከትላ ሱቅ ሄዳ አንድ ጣሳ የወለል ሰም ገዝታ ኖሯል። ስመለስ ቁራጭ ብርድ ልብስ ከእግሯ በታች አድርጋ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር እየተንሸራተተች ስታሸው አገኘኋት። ልጆች ሳለን የአያቴን የጣውላ ወለል እንዲሁ ስታሸው ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጠን ትጎትተን ነበር፤ ያ ሽታ ሲመታኝ አልቆጣ አልናገር ቆሜ ቀረሁ። እርሷ በአገሩ ልክ ነበረች፤ ያ የጣውላ ወለል እንጨቱ ባዶውን ስለሆነ ሰሙን ይጠጣዋል። የእኛ ኦክ ግን ፖሊዩሬቴን በሚባል ፕላስቲክ መሰል ቫርኒሽ የተሸፈነ ነው፤ ሰሙ የሚገባበት ቀዳዳ አጥቶ በላዩ እንደ ጉም ተኛ። እግር ያንሸራትታል፣ የእግር ዱካ ይይዛል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ወደፊት አዲስ ቫርኒሽ ቢቀባበት አይይዝም። ወለል የሚያድሱ ሰዎች የላዩን ብቻ ሞርደው አንድ ጊዜ መቀባት ሲችሉ፣ ሰም የነካውን ወለል እስከ እንጨቱ ድረስ በማሽን መፋቅ ግድ ሊሆንባቸው ይችላል። መፋቅ ደግሞ ማለቂያ ያለው ሀብት ነው፤ የእኛ ዓይነቱ ወፍራም፣ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን እንጨት ጥቂት ጊዜ ይችላል፤ በላዩ ብቻ ስስ እንጨት የተለጠፈበት ግን አንዴ፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይችልም።

ሰሙን በሁለት ቅዳሜ አነሣነው፤ መስኮት ሁሉ ከፍተን፣ ሕፃኑን ከቤት አውጥተን፣ በቀለም ማቅጠኛ የራሰ ጨርቅ እያገላበጥን። እናቴ አጠገባችን ተቀምጣ «ሰም የሚቀባ ወለል ሰም ሲፈቁለት አየሁ» እያለች ትስቃለች፤ ቅር ብሏት እንደነበር ግን ገብቶኛል።

ያ ባለሙያ ሲመጣ ከመሣሪያ ሣጥኑ በፊት የጠየቀኝ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ጣቱን ነክሮ በተለያየ ቦታ ላይ አንዳንድ ጠብታ አሳረፈ። ከሶፋው ሥር ያለው ጠብታ እንደ ዶቃ ክብ ሆኖ ቆመ፤ ይህ ሽፋኑ ደኅና መሆኑን ያሳያል። ከበሩ መግቢያና ቡና ከምናፈላበት ቦታ ላይ ግን ጠብታው ተዘርግቶ እንጨቱን አጠቆረው። እዚያ ሽፋኑ ተበልቷል፤ የምድጃው እግር እንጨቱን ያገኘውም በዚያ በኩል ነበር። ሽፋኑን የበላው ደግሞ ከጫማ ሥር የሚገባ አሸዋ ነው፤ በየቀኑ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በአገራችን ጫማ አውልቆ ቤት መግባት እንግዳን እንደ ማስቸገር ይቆጠራል፤ እኔም ብዙ ዓመት አፍሬ ኖርሁ። አሁን በበሩ አጠገብ ቅርጫት ሙሉ ነጠላ ጫማ አስቀምጫለሁ፤ የተረከዝ ጫማ ያደረገች እንግዳ ስትመጣ ግን እስካሁን አንደበቴ ይያዛል።

ከዚያ ወዲህ በእርጥብ መወልወያ አልወለውልም፤ በእንፋሎት የሚሠራውንም ገዝቼ መልሼዋለሁ፤ በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚገባው ሙቅ እርጥበት እንጨቱን ስለሚያሳብጠው ነው። ኮምጣጤም ብልጭታውን ያደበዝዘዋል። ተጨምቆ ሊደርቅ የተቃረበ ስስ ጨርቅ ይበቃል። ቫኪዩሙን ስጠቀም የሚሽከረከረውን ብሩሽ አጠፋለሁ። በወንበሩና በረከቦቱ እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ለጥፌአለሁ፤ አሸዋ ስለሚነክሱ በየጊዜው ይቀየራሉ። ቡና የምወቅጥበት ሙቀጫ ደግሞ ወደ ኩሽናው ሸክላ ወለል ተሰዷል፤ ጥንት በአፓርትመንት ሳለን ከታች ያሉት ጎረቤታችን በመጥረጊያ ጣሪያቸውን ይመቱልን ነበርና ለሙቀጫውም ይሄ የመጀመሪያ ስደቱ አይደለም።

የዚህ አገር ቀዝቃዛ ክረምት ሲመጣ በጣውላዎቹ መካከል ስስ ክፍተት ይከፈታል፤ በመጀመሪያው ዓመት ደንግጬ መሙያ ልገዛ ነበር። ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው እንጨቱ ይኮማተራል፤ እርጥበት ባለው በጋ ላይ ሲያብጥ ክፍተቱ ራሱ ይዘጋል፤ ሞልቼው ቢሆን ኖሮ መሙያውን ገፍቶ ያወጣው ነበር። የቤቱ እርጥበት ከ35 እስከ 55 በመቶ ባለው መካከል ከቆየ ይበቃዋል። ትንሽ መለኪያ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፤ በጥር ዝቅ ሲል እርጥበት የሚያወጣ ማሽን እናበራለን።

ነጥቦቹን በተመለከተ ባለሙያው ሽፋኑን በዚያ ቦታ ብቻ ፍቆ፣ ኦክሳሊክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጦ ቀባበት፤ መርዛማ ስለሆነ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ነበር የሠራው። ዓይናችን እያየ ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ ግራጫው ወደ እንጨቱ ቀለም ተመለሰ። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥቦ፣ ካደረ በኋላ መልሶ ቫርኒሽ ቀባው። ሁለቱ ነጥቦች ጠፉ። ሦስተኛው ጠልቆ ገብቶ ስለነበር ሐመር ጥላ ሆኖ ቀረ፤ ረከቦቱ እርሱ ላይ ይቆማል። ከሥሩ ምንጣፍ ላነጥፍ አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ የገዛሁት ጀርባው የጎማ ሽፋን ያለው ሆኖ ተገኘ፤ እንዲህ ያለው ጀርባ የወለሉን ሽፋን ቢጫ ያደርጋል። መለስሁት።

ባለፈው በጋ እናቴ እንደገና መጣች። በዚህ ጊዜ ምድጃ አልያዘችም፤ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ የዘንባባ ሰሌን ከሻንጣዋ አወጣች። «ቄጤማውን እዚህ ላይ ጎዝጉዢው፤ ሲያልቅ አንሥተሽ በረንዳ ላይ ታራግፊዋለሽ» አለችኝ። ሳላስበው ሰሌኑን ገልብጬ ጀርባውን መፈተሽ ጀመርሁ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለች።

«ጎማ እንዳለው ላይ ብዬ ነው፣ እማዬ።»